መድኃኒቱ ቀድሞ፥ ሕመምተኛው ዘግይቶ፦ የቤት ኮምፒዩተር ቫይረስ፥ የማደሻውና የማጽጃው አጭር ታሪክ



የዕድርን ጥቅም ለዕድርተኛ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሰው ሳይሞት እናዋጣለን፤ ዝናብ ሳይመጣ ድንኳኑን እናሰፋለን፤ ለቅሶ ሳይኖር ወንበሩንና ሰሃኑን ቆጥረን እናስቀምጣለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ነገሩ ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ምን ያህል እንደሚያደክምና እንደሚያሳፍር አባቶቻችንና እናቶቻችን ስላስተማሩን ነው። ይሁን እንጂ ይህን መልካም ልማድ ከደጃፍ አስቀምጠን የምንገባበት አንድ ዕቃ በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ እሱም ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ «አፕዴት ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቀን «በኋላ» የምትለዋን ተጭነን እናልፋለን። ነገም ሲጠይቀን «በኋላ» ነው፤ ከነገ ወዲያም እንደዚያው።

«ታዲያ ምን ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚሁ ጥያቄ ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። ታሪኩን አስቀድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጠቅልለው፦ በኮምፒዩተር ዓለም ከደረሱት ታላላቅ ጥፋቶች ውስጥ ብዙዎቹ የደረሱት መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን፥ የተገኘው መድኃኒት ሳይወሰድ ቀርቶ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቃላት እንለይ። «ቫይረስ» የሚባለው በሌላ ፕሮግራም ላይ ተለጥፎ ራሱን የሚያባዛ ጎጂ ፕሮግራም ነው። «ትል» የሚባለው ደግሞ ማንንም ሳይጠጋ በራሱ በመስመር ላይ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድ ነው። ለሁሉም የወል ስማቸው «ማልዌር» ነው። «ማደሻ»፥ በተለምዶ አፕዴት የምንለው፥ በፕሮግራሙ ውስጥ የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። «ማጽጃ» ግን የገባውን የሚያስወጣ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሌባውን አስወጥቶ የተሰበረውን በር ያልጠገነ፥ ማታ ሌባው ተመልሶ ይጠብቀዋል፤ ሌባው ውስጥ ሳለ በሩን የጠገነ ደግሞ ሌባውን አስሮ ከራሱ ጋር አሳደረው ማለት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በጽሑፉ ውስጥ የማነሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው አሳዳጅ

ነገሩ የሚጀምረው በ1971 አሜሪካ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ የእሱ አባት የሆነው አርፓኔት የተባለው መስመር ግን ጥቂት ትልልቅ ኮምፒዩተሮችን አገናኝቶ ነበር። ቢቢኤን በተባለ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ቦብ ቶማስ የሚባል ባለሙያ «ክሪፐር» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ክሪፐር ክፉ አልነበረም። ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እየተንቀሳቀሰ «ከቻላችሁ ያዙኝ» የሚል ዓይነት መልእክት የሚያሳይ ሙከራ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሬይ ቶምሊንሰን፥ ያው የኢሜይል አባት የሚባለው ሰው፥ «ሪፐር» የተባለ ሌላ ፕሮግራም ሠራ። የሪፐር ሥራ ክሪፐርን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተከትሎ መደምሰስ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማጽጃው ከበሽታው ጋር ማለት ይቻላል አብሮ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲያሳድድ ኖረዋል። ያን ጊዜ ግን ኮምፒዩተር በቤት አይገባም ነበርና ጉዳዩ የጥቂት ምሁራን ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

በሽታው በዲስክ ሲዞር

ኮምፒዩተር ወደ ቤት ሲገባ በሽታውም ተከትሎት ገባ። በ1982 ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ለአፕል 2 ኮምፒዩተር «ኤልክ ክሎነር» የሚባል ቫይረስ ጻፈ። ይህ ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ እየተላለፈ፥ ዲስኩ 50ኛ ጊዜ ሲነሣ አጭር የቀልድ ግጥም ያሳይ ነበር። ተማሪው ጓደኞቹን ለማናደድ ነበር ያደረገው። በ1983 ደግሞ ፍሬድ ኮኸን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች ሳይንሳዊ ሙከራ አደረገ፤ «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው መምህሩ ሌናርድ ኤድልማን ነው። ስሙ በእርግጥም ተስማምቷቸዋል፤ በመነካካት ይተላለፋሉና።

በ1986 ከፓኪስታን ከላሆር ከተማ «ብሬይን» የተባለ ቫይረስ ወጣ። የአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒዩተሮችን በማጥቃት የመጀመሪያው ይኸው ነው። የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች የኮምፒዩተር ሱቅ የነበራቸው ሲሆኑ፥ የጻፍነውን ፕሮግራም ሰው ሳይከፍል እንዳይገለብጠው ብለን ነው ያደረግነው ብለዋል። የሚያስገርመው በቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፥ አድራሻቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው፥ ለክትባት እንድትደውሉልን የሚል መልእክት ማስቀመጣቸው ነው። ከሩቅ አገር ሁሉ ስልክ ጎረፈላቸው። በሽታው ከሠሪዎቹ እጅ አምልጦ ድንበር ተሻግሮ ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ እውነት ነው፤ ሠሪው «ለጨዋታ ነው» ቢል «ንብረቴን ለመጠበቅ ነው» ቢል፥ አንዴ ከለቀቀው መልሶ አይሰበስበውም።

በ1987 «ቪየና» የተባለ ቫይረስ ሲነሣ ቤርንት ፊክስ የተባለ ጀርመናዊ ይህንኑ ቫይረስ የሚያጸዳ ፕሮግራም ጻፈ፤ በተጨባጭ ከተመዘገቡት የቫይረስ ማጽዳት ሥራዎች ቀዳሚው ተብሎ ይጠቀሳል። በዚሁ ዓመት የማካፊ ኩባንያ ተመሠረተ፤ አንቲቫይረስም የንግድ ዕቃ ሆነ።

በ1989 መጨረሻ ላይ ደግሞ አዲስ ክፋት ታየ። ስለ ኤድስ በሽታ ትምህርት ይሰጣል የተባለ ፍሎፒ ዲስክ 20,000 ያህል ቅጂ በፖስታ ለብዙ አገር ሰዎች ተላከ። ዲስኩን የጫነ ሰው ኮምፒዩተሩን 90 ጊዜ ያህል ካስነሣ በኋላ የፋይሎቹ ስም ተመሰቃቅሎ፥ 189 ዶላር ፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን ላክ የሚል ማስታወቂያ ይመጣበት ነበር። በዚህ የተደናገጡ አንዳንድ ሰዎች የደከሙበትን ሥራ ራሳቸው ደመሰሱት። ጂም ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ግን ነገሩን መርምሮ ፋይሎቹን የሚመልስ መፍቻ አዘጋጀ። ዛሬ «ራንሰምዌር» የምንለው፥ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ማልዌር፥ ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ደንግጦ ከመደምሰስም፥ ቸኩሎ ከመክፈልም በፊት የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይበጃል።

የ1988 ትልና የጥሩንባው ጉዳይ

በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ትል በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በጊዜው በመስመሩ ላይ 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ ከእነዚህ 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ይገመታል። ትሉ ፋይል አልደመሰሰም፤ ግን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ደጋግሞ እየተባዛ ማሽኑን እስኪያቆመው ድረስ ያጨናንቀው ነበር። በርክሌይና ኤምአይቲ በሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ባለሙያዎች ሌሊቱን ሳይተኙ ትሉን ፈታትተው መርምረው የሚደፍኑትን ቀዳዳ አገኙ።

ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። መድኃኒቱ ይላክ የነበረው በዚያው በታመመው መስመር ነው። ብዙ ተቋማት ደግሞ ትሉን ፈርተው መስመራቸውን ነቅለው ነበር፤ ስለዚህ መድኃኒቱም አልደረሳቸውም። የተማሪው ጓደኛ ትሉን ማቆሚያ ዘዴውን የሚናገር መልእክት በዚያው ሌሊት ቢልክም፥ መስመሩ ተጨናንቆ ስለነበር መልእክቱ የደረሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ።

ከዚህ በኋላ በዚያው ወር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰርት የተባለ ቡድን ተቋቋመ። ሥራው አደጋ ሲነሣ ለሁሉም ማሳወቅ፥ ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛውን መንገር ነው። በእኛ ቋንቋ ስንናገረው ጥሩንባ ነፊ ተቀጠረ ማለት ነው። ተማሪው ሞሪስም በ1990 ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፥ 400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጫ ተወሰነበት።

ሕግን ካነሣን አይቀር ሌላም ልጨምር። በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣ፥ «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ የያዘ የኢሜይል ትል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሰው የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ሲከፍተው ትሉ በአድራሻ ደብተሩ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን ይልክ ነበር። ሠሪው ቢገኝም በጊዜው አገሩ ይህን የሚከለክል ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተቋረጠ፤ ሕጉ የወጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው። በአገራችን ጉዳዩን የሚመለከተው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቷል።

ማደሻው ቤት ድረስ ሲመጣ

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ፕሮግራም ማደስ ለተራ ሰው የሚቻል አልነበረም። የአንቲቫይረስ አዲስ ዝርዝር በፍሎፒ ዲስክ በፖስታ ይላክ ነበር፤ እስኪደርስ ድረስ አዲስ ቫይረስ ይወለዳል። በ1998 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 98ን ሲያወጣ «ዊንዶውስ አፕዴት» የተባለውን አገልግሎት አብሮ አመጣ። ሰው ኢንተርኔት ካለው በቤቱ ተቀምጦ የጎደለውን ማውረድ ቻለ። ቢሆንም ባለቤቱ ራሱ አስታውሶ ካልሄደ ማደሻው ወደ እሱ አይመጣም ነበር።

በ2001 «ኮድ ሬድ» እና «ኒምዳ» የተባሉ ትሎች ብዙ ጥፋት ካደረሱ በኋላ፥ የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2002 ለሠራተኞቹ ደብዳቤ ጽፎ ከአዳዲስ ጌጣጌጥ ይልቅ ደኅንነት እንዲቀድም አዘዘ። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ገና ብዙ መከራ ከፊት ይጠብቅ ነበር።

በጃንዋሪ 25 ቀን 2003 «ስላመር» የተባለ ትል ተነሣ። የተጠቂው ቁጥር በየ8.5 ሴኮንዱ በእጥፍ እያደገ፥ ሊያዙ ከሚችሉት ኮምፒዩተሮች ውስጥ አብዛኛዎቹን በ10 ደቂቃ ውስጥ ያዘ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ማን ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ማደሻው ግን ከ6 ወር በፊት ወጥቶ ነበር።

በዚያው ዓመት በኦገስት 11 ቀን «ብላስተር» መጣ። ይህኛው በቀጥታ የቤት ኮምፒዩተሮችን አገኘ። ባለቤቱ ምንም ሳይከፍት፥ ምንም ሳይጫን፥ ኢንተርኔት ላይ ስለገባ ብቻ ይያዝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከ60 ሴኮንድ በኋላ እጠፋለሁ ብሎ እየቆጠረ ይጠፋል፤ ሲበራም እንደገና። መድፈኛው የወጣው ጁላይ 16 ቀን ነበር፤ ማለትም ከ26 ቀን በፊት። ትሉ በዚህ አላበቃም፤ ሰዎች መድኃኒቱን የሚያወርዱበትን የማይክሮሶፍት አድራሻ በኦገስት 16 ለማጨናነቅ ተቀጥሮ ነበር። ሐኪም ቤቱን በድንጋይ እንደ መደብደብ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ያልታወቀ ሰው «ዌልቺያ» የተባለ ሌላ ትል ለቀቀ። ይህ ትል ሳይጠየቅ ወደ ሰው ኮምፒዩተር እየገባ ብላስተርን ይደመስስና ማደሻውን ይጭን ነበር። የሪፐር ታሪክ ከ30 ዓመት በኋላ ተደገመ ማለት ነው። አሳቡ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን በመዞሩ ብዛት መስመሩን ራሱ አጨናነቀው። ከዚህ የምንረዳው ባለቤቱ ሳያውቅ በሌሊት በመስኮት የሚገባ ሐኪም፥ ሐኪም ቢሆንም ጣጣ ማምጣቱ እንደማይቀር ነው። መድኃኒት ባለቤቱ አውቆ ፈቅዶ ሲወስደው ነው የሚያምርበት።

ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ማደሻዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ በቀጠሮ ማውጣት ጀመረ። በኦገስት 2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ በወጣው ሁለተኛ ትልቅ ማደሻ ፋየርዎል የሚባለው አጥር ባለቤቱ ሳይነካው በርቶ እንዲመጣ ተደረገ። በጃንዋሪ 2005 ደግሞ ከወርሃዊው ማደሻ ጋር አንድ ትንሽ ማጽጃ ፕሮግራም አብሮ መምጣት ጀመረ። ይህ ማጽጃ በየወሩ አንድ ጊዜ በዝምታ ተነሥቶ፥ በብዛት የሚታወቁትን ማልዌሮች ፈልጎ ያስወግዳል። ኮምፒዩተሩን ዘወትር የሚጠብቅ ዘበኛ ግን አይደለም፤ በወር አንዴ መጥቶ የሚያይ ሐኪም ነው። ዘበኛው፥ ማለትም ያለ ክፍያ የሚሠራው አንቲቫይረስ፥ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በ2012 ከነሕይወቱ አብሮ ተሰጠ።

የፍላሹ ዘመን

በእኛ አገር ብዙ ሰው ቫይረስን በስም የተዋወቀው በፍላሽ ምክንያት ነው። ፎቶ ለማሳጠብ፥ ማመልከቻ ለማስጻፍ፥ ዘፈን ለማስጫን ፍላሹ ከቤት ወደ ኢንተርኔት ቤት፥ ከኢንተርኔት ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ይውላል። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ብቻውን አይመለስም።

በኖቬምበር 2008 የታየው «ኮንፊከር» የተባለ ትል ይህንን መንገድ ጥሩ አድርጎ ተጠቀመበት። በመስመርም በፍላሽም ይተላለፋል። ዊንዶውስ ያን ጊዜ በፍላሽ ውስጥ ያለውን ነገር ሳይጠየቅ የማስነሣት ልማድ ስለነበረው፥ ፍላሹን መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ተያዙ። ትሉ ከገባ በኋላ የአንቲቫይረስ ኩባንያዎችን አድራሻ እንዳይከፈት ያደርግ ነበርና፥ ሕመምተኛው መድኃኒት ቤት እንዳይሄድ እግሩን አሰረው ማለት ነው። ማደሻው መቼ ወጥቶ ነበር? ኦክቶበር 23 ቀን 2008፥ ትሉ ከመታየቱ አንድ ወር ለማይሞላ ጊዜ አስቀድሞ። ፍላሽን በራሱ የማስነሣቱ ልማድ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2011 በተላከ ማደሻ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ እንዲቀር ተደረገ። ያንን ማደሻ ያልወሰደ ኮምፒዩተር ግን በአሮጌው ልማዱ ቀጠለ።

2017፤ ሐኪም ቤቶቹ ሲታመሙ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ የሚነካው የሜይ 12 ቀን 2017ቱ ነው። «ዋናክራይ» የተባለ ትል በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ፥ ፋይላቸውን ቆልፎ፥ 300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ አለ። በእንግሊዝ አገር ከ236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች መካከል ቢያንስ 80ው ተነኩ። ከ19,000 በላይ የሐኪም ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል፤ አንዳንድ የድንገተኛ ክፍሎችም ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ ለመምራት ተገደዱ። ነገሩ የፋይል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሰው ጉዳይ ሆነ።

ማደሻው የወጣው ማርች 14 ቀን ነበር። ሐምሳ ዘጠኝ ቀን! ብዙ ሰው ጥፋቱ የደረሰው በአሮጌው ኤክስፒ ምክንያት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከተያዙት ውስጥ አብዛኞቹ ማደሻ ይወጣለት የነበረው ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ። መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ፥ በነጻ ተሰጥቶ፥ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። «በኋላ» የተባለ መድኃኒት ነው።

ማደሻውም ፍጹም አይደለም

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። «አፕዴት አድርጌ ነው የተበላሸብኝ» የሚል አባል ውሸታም አይደለም። በጁን 2017 «ኖትፔትያ» የተባለው ማልዌር የተሠራጨው በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት የግብር ሒሳብ ፕሮግራም ማደሻ ውስጥ ተደብቆ ነው። በጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው ስሕተት ያለበት ማደሻ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አቁሞ፥ አውሮፕላን ማረፊያዎችና ባንኮች ሳይቀሩ ተስተጓጉለው ነበር። ይህኛው የድርጅቶችን እንጂ የቤት ኮምፒዩተሮችን ብዙ አልነካም፤ ቢሆንም መድኃኒትም እንደሚያሳክክ አሳይቷል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የሐሰት መድኃኒት ነው። «ኮምፒዩተርዎ 300 ቫይረስ አለበት፥ አሁኑኑ ይህን ይጫኑ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ማን አለ? በዲሴምበር 2008 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት የሐሰት አንቲቫይረስ በሚሸጡ ሰዎች ላይ ክስ ሲመሠርት፥ የተታለሉት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ገልጾ ነበር። በቆብ ተሸፍኖ የሚመጣ ቀማኛ ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ሚዛኑን ስናነሣ በአንድ በኩል ጥቂት የታወቁ የማደሻ ስሕተቶች አሉ፤ በሌላው በኩል ብላስተር፥ ኮንፊከር፥ ዋናክራይና ሌሎች ብዙ። አንድ ሰው በክትባት ታመመ ተብሎ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሳይከተብ አይቀርም።

ታሪኩ ለእኛ ምን ይላል?

በመጀመሪያ፥ ነገሩ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳየነው የተያዘ ኮምፒዩተር ራሱ አጥቂ ይሆናል፤ ለጎረቤት ይልካል፤ የባለቤቱን ስም ይዞ ለወዳጅ ኢሜይል ይጽፋል። አንድ ቤት ቆሻሻ ውኃ ሲደፋ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሸተው ነው።

ሁለተኛ፥ የዕድራችን ጉዳይ አለ። የአባላት ዝርዝር፥ የወር መዋጮና የቅጣት መዝገብ በብዙ ዕድሮች ዘንድ ወደ ጸሐፊው ወይም ወደ ገንዘብ ያዡ ቤት ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ይህ መዝገብ ቢቆለፍ ወይም ቢጠፋ፥ በለቅሶ ቀን ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ «መክፈላችሁን የሚያሳይ አጣን» ልንለው ነው? ይህ ዕድር ለተባለ ማኅበር ከኪሳራ ሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ መዝገብ አይቅር፤ የኮምፒዩተሩም ቅጂ በየወሩ በሁለት ፍላሽ ላይ ተገልብጦ፥ ፍላሾቹ ተነቅለው በሁለት ሰው ቤት ይቀመጡ። ተሰክቶ የሚውል ቅጂ ራንሰምዌር አብሮ ስለሚቆልፈው ቅጂ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፥ በየቤታችን ሊደረግ የሚቻለው እንዲህ ነው። ወርሃዊው ማደሻ በሁለተኛው ማክሰኞ ስለሚወጣ፥ ከዚያ ቀጥሎ ያለው እሑድ ለማደስ ይመቻል። የኢንተርኔት ጥቅል ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ማታ ወይም ቅናሽ ባለበት ሰዓት ማውረድ፥ በአንድ ቤት ብዙ ኮምፒዩተር ካለም አንዱ ያወረደውን ሌላው እንዲካፈል የሚያደርገውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ማብራት ይቻላል። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ማደስ አይመከርም፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ኮምፒዩተሩ ከቀድሞው የተለየ ጠባይ ካሳየ፥ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣውን ዲፌንደር ከፍቶ «ከመስመር ውጭ» የሚለውን ምርመራ ማዘዝ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ዊንዶውስ ሳይከፈት ስለሚመረምር የተደበቀውን ያገኛል። ወርሃዊውን ማጽጃ በራስ ፈቃድ ለማስነሣትም የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አብሮ ተጭኖ፥ በሚመጣው ሣጥን ውስጥ «ኤም-አር-ቲ» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት መጻፍ ይበቃል። ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ መሆን የለበትም።

«ክራክ» ስለሚባለው ነገርም አንድ ቃል ልበል። በነጻ ዊንዶውስ የሚከፍቱልን ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። ዘበኛህን አሰናብትና ልግባ ለሚል እንግዳ በር የሚከፍት አለ? ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የተለመደው ማደሻ ቆሞበታል፤ ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ የተጨማሪ ማደሻ ዕድል የተሰጠው በምዝገባ ነው። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ከሆነ፥ ሊኑክስ የሚባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝና ማደሻ የሚወጣለትን ሥርዓት መጫን አንድ አማራጭ ነው።

በመጨረሻ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በዕድራችን ውስጥ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶች አሉ፤ ኮምፒዩተር ገዝተው ልጅ ከውጭ ደውሎ እስኪነግራቸው የሚጠብቁ ትልልቅ አባቶችና እናቶችም አሉ። በወር መዋጮ መክፈያው እሑድ ሁለት ወጣቶች በተራ ቢመደቡ፥ ላፕቶፑን ይዞ የመጣውን ሊያዩለት፥ ያልቻለውንም ቤቱ ድረስ ሄደው ሊያድሱለት ይችላሉ። የማንም የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ ባለቤቱም አጠገባቸው ይቀመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ ለአንድ ሽማግሌ ተራራ የሆነው ነገር ለሰፈሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ያው እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሬይ ቶምሊንሰን ሪፐርን ከጻፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው፤ መድኃኒት ሠሪዎቹ በአብዛኛው ድርሻቸውን በጊዜው ተወጥተዋል። የቀረው «በኋላ» የምትለዋን ቁልፍ መተው ነው፤ እሱ ደግሞ የማንም ሳይሆን የየራሳችን ድርሻ ነው።

ቸር ያሰማን።